የዘገየ ምስክርነት፦ የቀድሞ ሕፃናት ተዋንያን ግለ ታሪክ በተመራማሪ ዓይን

አሜሪካዊቷ የቀድሞ ተዋናይ ጀኔት ማከርዲ በኦገስት 2022 ያሳተመችው ግለ ታሪክ ከይዘቱ አስቀድሞ በርዕሱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «እናቴ በመሞቷ ደስ ብሎኛል» የሚለው ርዕስ ለአንዳንዱ አንባቢ ነውር፣ ለሌላው ምፀት፣ ለሦስተኛው ደግሞ የገበያ ብልሃት መስሎ ታየ። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከብዙ መደብሮች ተሸጦ አለቀ፤ በኒው ዮርክ ታይምስ የከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥም ለበርካታ ሳምንታት ቆየ። በዙሪያው ጎልተው የተሰሙት ጥያቄዎች ግን ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ደራሲዋ በስም ሳትጠራ «የድራማው ፈጣሪ» እያለች የምትጽፍለት ሰው ማን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጅ ስለ እናቷ እንዲህ ትላለች ወይ የሚል ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎች አንባቢን መሳባቸው አያስደንቅም። ለተመራማሪ ግን ከሁለቱ ይልቅ የሚጠቅመው ብዙም ሳይጠየቅ የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ይህች ልጅ የሠራችው ሥራ ምን ነበር? ማን ወደ ሥራው አስገባት፣ ሰዓቷን ማን ቆጠረ፣ ገንዘቧ የማንን ጎጆ አቆመ፣ ሰውነቷስ ምን ከፈለ? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሳል። የቀድሞ ሕፃናት ተዋንያን የሚጽፏቸው ገመና ገላጭ መጻሕፍት በመጀመሪያ ደረጃ መነበብ ያለባቸው እንደ ሐሜት ወይም እንደ ቤተሰብ ክስ አይደለም፤ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ የመናገር ነጻነትም አቅምም ያልነበረው ሠራተኛ ዘግይቶ እንደሰጠው የምስክርነት ቃል ነው። ምስክርነት ሲባል ደግሞ የተነገረው ሁሉ ይታመናል ማለት አይደለም። ምስክር ይመረመራል፤ ምርመራው ግን ተገቢውን ጥያቄ ይዞ መነሳት አለበት።

የስም ውል ሲፈርስ

ከማከርዲ መጽሐፍ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009፣ «ቢሃይንድ ዘ ቤል» የተሰኘ መጽሐፍ በደስቲን ዳይመንድ ስም ታትሞ ወጥቶ ነበር። ዳይመንድ ከ1989 እስከ 1993 በኤንቢሲ ጣቢያ በተላለፈው «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» በተባለ የታዳጊዎች ተከታታይ ድራማ ስክሪች የተባለውን የዋህና አስቂኝ ተማሪ ሆኖ የተጫወተ ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ በ1988 በዲዝኒ ቻናል መታየት በጀመረው «ጉድ ሞርኒንግ ሚስ ብሊስ» ውስጥ የታየ ሲሆን፣ ዳይመንድም ከዋናው ድራማ በኋላ በተከተሉት ሥራዎች ጭምር እስከ 2000 ድረስ ይህንኑ ሰው ሆኖ ተውኗል። በጃንዋሪ 1977 የተወለደ በመሆኑ ሥራውን ሲጀምር ዕድሜው 11 ነበር፤ ገጸ ባሕርዩን ሲሰናበት 23 ደርሶ ነበር። ዋና ዋናዎቹ ወጣት ባልደረቦቹ በሙሉ በዕድሜ የሚበልጡት ነበሩ።

የመጽሐፉ ትኩረት ግን ይህ አልነበረም። ገጾቹን በብዛት የያዘው የባልደረቦቹ የግል ሕይወት ነው፤ ማን ከማን ጋር ነበር፣ ማን ምን ወሰደ የሚል። መጽሐፉ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አቆራረጠው። ዳይመንድ ከዓመታት በኋላ በሰጣቸው የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቆች ደግሞ መጽሐፉን የጻፈው ሌላ ሰው መሆኑንና በውስጡ ያለው ሁሉ የእርሱ ቃል አለመሆኑን ገልጾ ከሥራው ራሱን አራቀ። በፌብሩዋሪ 2021 በ44 ዓመቱ በካንሰር ሕመም ሲያርፍ የተስተካከለ ቃሉን የያዘ ሌላ መጽሐፍ አልተወም።

ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ፊሊፕ ለዠን በ1975 ባሳተመው ሥራ ግለ ታሪክን ከልብ ወለድ የሚለየው በደራሲና በአንባቢ መካከል ያለ ውል እንደሆነ አስረድቷል። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚተርከው ድምፅና ታሪኩ የሚነገርለት ሰው አንድ መሆናቸው የውሉ መሠረት ነው። በዳይመንድ መጽሐፍ የፈረሰው ይህ ነው። ስሙ የእርሱ፣ እጁ ግን የሌላ ሆነ። ውሉ ሲፈርስ ደግሞ ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። በአንድ በኩል ያልተረጋገጠ ወሬ በስማቸው የተነገረባቸው ባልደረቦቹ ተጎዱ። በሌላ በኩል ራሱ ዳይመንድ ተጎዳ፤ የ11 ዓመት ልጅ ከእርሱ በሚበልጡ ታዳጊዎች መካከል እየዋለ፣ 12 ዓመት ሙሉ የአንድ አስቂኝ ገጸ ባሕርይ እስረኛ ሆኖ ማደጉ ምን እንደሚመስል ሊነግረን የሚችለው እርሱ ብቻ ነበር። ይህ ምስክርነት በሐሜቱ ሥር ተቀበረ። ገበያው ከምስክሩ የፈለገው ስለ ሌሎች የሚያውቀውን እንጂ ስለ ራሱ የሚያውቀውን አልነበረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ገመና ገላጭ መጻሕፍት ሁሉ ዋጋ ቢስ ናቸው የሚል ሊሆን አይገባም። ትምህርቱ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ቃላት አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም የሚል ነው። ስለ ሌላ ሰው መኝታ ቤት የተነገረ ወሬና ስለ ራስ የሥራ ቀን የተነገረ ቃል በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ልጅ ያቦካው

አማርኛ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። ተረቱ የልጅን ሥራ ያሳንሳል፤ በዚያው ግን ልጅን ከሸክም ይጠብቃል፤ የቤቱ ራት በልጅ እጅ ላይ እንዳይንጠለጠል ያስጠነቅቃልና። በማከርዲ ቤት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1992 በካሊፎርኒያ የተወለደችው ጀኔት ወደ ትወና የገባችው በ6 ዓመቷ ሲሆን፣ ፍላጎቱ በወጣትነቷ ተዋናይ ለመሆን ተመኝታ ያልተሳካላት የእናቷ ነበር። እናቷ ጀኔት ገና ሕፃን ሳለች በካንሰር ታመው የነበሩ ናቸው፤ ቤቱ በድህነትና ሕመሙ ይመለሳል በሚል ፍርሃት የሚኖር ነበር። ልጅቷ እየሠራች በሄደች ቁጥር ገቢዋ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ሆነ። የልጅ ቡኮ ለራት በቃ፤ ከራትም አልፎ ለኒኬሎዲዮን ጣቢያ ማስታወቂያ አስገኘ።

ጣቢያው በሴፕቴምበር 2007 ማሳየት የጀመረው «አይካርሊ» የተሰኘ ተከታታይ አስቂኝ ድራማ የራሳቸውን የኢንተርኔት ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ታዳጊዎችን ታሪክ ይተርካል። ማከርዲ በድራማው ሳም ፓኬት የተባለችውን ቁጡና ደፋር ልጅ ሆና ስትጀምር 15 ዓመቷ ነበር፤ ድራማው በ2012 ሲያበቃ 20 ሆኗት ነበር። ሳም ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ሆዳምነቷ ነው፤ ሥጋ ሳትይዝ የምትታይበት ክፍል ጥቂት ነው ለማለት ይቻላል፤ ተመልካቹም በዚሁ ይስቃል። በመጽሐፉ መሠረት ግን ይህችን ሆዳም ልጅ የምትጫወተው ታዳጊ ከ11 ዓመቷ ጀምሮ ምግብ እየቆጠረች የምትኖር ነበረች። ሰውነቷ መለወጥ ሲጀምር ፈርታ እናቷን ስትጠይቅ፣ እናቷ የካሎሪ ቅነሳን አስተማሯት። ትንሽ መስሎ መታየት የትንንሽ ልጆችን ገጸ ባሕርያት ለማግኘት ይጠቅማልና፣ ልጅነትን ማራዘም የሥራው አካል ሆነ። ከዚህ የተነሣው የአመጋገብ ሕመም፣ አስቀድሞ ራስን በማስራብ፣ በኋላም አብዝቶ በልቶ በማስመለስ፣ እስከ አዋቂነቷ ተከትሏታል።

ለተመራማሪ የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የድራማው ክፍሎች በሙሉ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ማንም ሊመለከታቸው ይችላል። ሳም በምትበላባቸው ትዕይንቶች ላይ የሚሰማው ሳቅም አብሮ ተቀርጿል። ከመጽሐፉ በፊት እነዚህ ትዕይንቶች ስለ ታዳጊዎች አስቂኝ ድራማ ብቻ ይናገሩ ነበር። ከመጽሐፉ በኋላ ስለ ሥራ ሁኔታም ይናገራሉ፤ ተመልካቹ የሚያየው ጉርሻ የአንድ የታመመች ሠራተኛ የሥራ ግዴታ መሆኑን ያውቃልና። ግለ ታሪኩ በመዝገቡ ላይ አዲስ ትዕይንት አልጨመረም፤ መዝገቡ የሚነበብበትን መንገድ ግን ለወጠ። ይህን ሊያደርግ የሚችል ሌላ ምንጭ የለም፤ የጣቢያው ሰነድም ሆነ የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ ስለ ልጅቷ ረኀብ አይጽፍም።

ሕጉ የማያየው ክፍል

የአሜሪካ ሕግ ስለ ሕፃናት ተዋንያን ያለው ታሪክ ራሱ ከዘገየ አቤቱታ የተወለደ ነው። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በ«ዘ ኪድ» ፊልም የታየው ጃኪ ኩጋን በሕፃንነቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አስገኝቶ ነበር። ለአካለ መጠን ሲደርስ ገንዘቡ እጁ ላይ አለመኖሩን ተረዳና በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ። ከክርክሩ በኋላ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በ1939 ካሊፎርኒያ በተለምዶ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች። ሕጉ ክፍተት ስለነበረበት የልጁ ገቢ የልጁ የራሱ ንብረት መሆኑና ከዚያም 15 በመቶው በአደራ ሂሳብ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ማሻሻያ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2000 መባቻ ነው። ከልጁ አቤቱታ እስከ ተሟላው ሕግ ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ በበኩሉ በፊልምና በቲያትር የሚሠሩ ሕፃናትን ከሕፃናት ጉልበት ክልከላው ውጭ አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ ጥበቃው ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል።

በመካከሉ ያሉትን ዓመታት የሞሉት መጻሕፍት ናቸው። ሸርሊ ቴምፕል በ1988 ባሳተመችው ግለ ታሪክ፣ በልጅነቷ ካገኘችው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቀረላት 44 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ እንደነበረ ገልጻለች። በ1920ዎቹ «ቤቢ ፔጊ» በሚል ስም ዝነኛ የነበረችው ዳያና ሴራ ኬሪ ደግሞ ካደገች በኋላ የታሪክ ጸሐፊ ሆና የሆሊውድ ሕፃናትን ታሪክ መረመረች፤ የራሷንም ሕይወት በ1996 ጻፈች። ኬሪ በ2020 በ101 ዓመቷ ስታርፍ ምስክርም ተመራማሪም ሆና የኖረች ሴት ነበረች። የእርሷ ሥራ የሚያሳየው ግለ ታሪክና ጥናት ባላጋራ አለመሆናቸውን ነው።

ዛሬ የካሊፎርኒያ ደንብ ብዙ ይቆጥራል። ዕድሜው ከ9 እስከ 16 ዓመት የሆነ ልጅ ትምህርት ባለበት ቀን በቀረጻ ቦታ ሊቆይ የሚችለው 9 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሥራው 5፣ ትምህርቱ 3፣ ዕረፍቱ 1 ሰዓት ነው። የስቱዲዮ መምህር ይመደባል፤ የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥበቃ ነው። የማከርዲ መጽሐፍ የሚያሳየው ግን ጉዳቱ በአብዛኛው ሕጉ ሰዓት በማይቆጥርበት ቦታ መድረሱን ነው፤ በመኪና ውስጥ፣ በማዕድ ቤት፣ በሚዛን ላይ። መምህሩ ደብተሩን ዘግቶ ሲወጣ የልጅቷ የሥራ ቀን አላበቃም። ሕጉ ወላጅን የልጁ ጠባቂ አድርጎ ይገምታል፤ ወላጁ ራሱ አሠሪ ሲሆን ጠባቂው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ግን አይመልስም።

የዝምታውም ዋጋ በገንዘብ የሚተመንበት ጊዜ አለ። ማከርዲ በመጽሐፏ እንደምትለው፣ ከ«አይካርሊ» በኋላ የተሠራው «ሳም ኤንድ ካት» የተባለው ድራማ በ2014 ሲቋረጥ፣ ስለ ጣቢያው ተሞክሮዋ በአደባባይ እንዳትናገር 300 ሺህ ዶላር ቀርቦላት ነበር። ገንዘቡ «ስጦታ» ይባል እንጂ እርሷ የተረዳችው እንደ አፍ ማዘጊያ ነው፤ አልቀበልም አለች። ይህን ቃል ማመሳከር የሚቻለው ሰነዱ ሲገኝ ነው። ሆኖም አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ያነሳል። ምስክሮች ዝም እንዲሉ የሚከፈልበት ሥርዓት ካለ፣ ስለዚያ ሥርዓት የሚደርሰን ቃል ሁሉ ዘግይቶ፣ ተቆራርጦና በመጽሐፍ ገበያ በኩል አልፎ መምጣቱ ምን ይደንቃል?

ተቃውሞዎቹና ሚዛናቸው

በእንዲህ ያለ ንባብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የትዝታ ጉዳይ ነው። ማንም ሰው በ6 ዓመቱ የሰማውን ንግግር ቃል በቃል አያስታውስም፤ የማከርዲ መጽሐፍ ግን በንግግር የተሞላ ነው። ከዚህም በላይ ታሪኩ የሚተረከው በአሁን ጊዜ፣ በልጅቷ ዓይን ነው፤ ተራኪዋ ልጅቷ በዚያን ጊዜ ከምታውቀው በላይ አታውቅም። ለሥነ ጽሑፍ ይህ ትልቅ ኃይል አለው፤ አንባቢው አደጋውን ከልጅቷ ቀድሞ ያየዋልና። ለማስረጃ ግን ወሰን ያበጃል። ንግግሮቹ እንደ ቃለ ጉባኤ ሊጠቀሱ አይገባም። ሊጠቀስ የሚችለው የተደጋገመው ሥርዓት ነው፦ ምግብ ይቆጠር ነበር፣ ክብደት ይለካ ነበር፣ የእናት ደስታና ኀዘን በልጅቷ ሥራ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ትዝታ አንዲትን ዓረፍተ ነገር ይስታል፤ ለዓመታት በየቀኑ የተደረገን ነገር ግን በቀላሉ አይስትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህልም ከፍትሕም የሚነሣ ነው። እናቲቱ በ2013 አርፈዋል፤ መልስ መስጠት አይችሉም። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ስለ ሟች ክፉ ለመናገር ሲገደድ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ሕግም በመርህ ደረጃ በሞተ ሰው ላይ ለተነገረ ቃል የስም ማጥፋት ክስ አያስነሣም፤ ስለዚህ የሟችን ክብር የሚጠብቀው የጸሐፊው ሕሊና ብቻ ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን የሕፃን ሠራተኛ ጠባቂ ወላጁ ከሆነና ወላጁ በሕይወት ሳለ መናገር የማይቻል ከሆነ፣ ከሞት በኋላም መናገር ነውር ነው ማለት ምስክሩን ለዘለዓለም ዝም ማሰኘት ይሆናል። መጽሐፉም ቢሆን እናቲቱን ጭራቅ አድርጎ አይሥልም። ልጅቷ ትወዳቸው እንደነበረ፣ ደስ ልታሰኛቸውም ትኖር እንደነበረ በየምዕራፉ ይታያል። የርዕሱ ክብደት የሚገባውም ይህ ፍቅር ሲታወቅ ነው፤ ደራሲዋ ደስ አለኝ የምትለው ሰው ስለሞተ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሰው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ከሕመሟ መዳን እንደማትችል ስለተረዳች ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ገበያው ነው። አሳታሚ ያተርፋል፤ ስቃይ ይሸጣል። እውነት ነው። ነገር ግን ገበያ ያስገደደው ምስክርነት ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ መነሣት ዳይመንድንና ማከርዲን በአንድ ከረጢት መክተት ነው። ሁለቱን የሚለይ አንድ ግልጽ መስፈሪያ አለ፤ የመገለጡን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በ2009ኙ መጽሐፍ ገመናቸው የተገለጠው በአመዛኙ የሌሎች ነው። በ2022ቱ መጽሐፍ በአመዛኙ የተገለጠው የደራሲዋ የራሷ ሰውነት፣ ኀፍረትና ሕመም ነው፤ በጣም የከሰሰችውን የሥራ ኃላፊ እንኳ በስም አልጠራችም። ይህ ምርጫ ለሕግ ጥንቃቄ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን አንባቢን ከግለሰቡ ማንነት ይልቅ ወደ ሥርዓቱ እንዲመለከት የሚጋብዝ ነው። አንባቢው ግብዣውን ትቶ ስም ፍለጋ ቢሄድ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።

በመጨረሻም፣ አንዲት ተዋናይ የደረሰባት ነገር በባልደረቦቿ ሁሉ ላይ ደርሷል ማለት አይቻልም። በአንድ ስቱዲዮ ያደጉ ሁለት ልጆች የተለያየ ትዝታ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ደስተኛ ነበርኩ ቢል የሌላውን ቃል አያፈርስም፤ የሌላውም ቃል የእርሱን አያፈርስም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ የኢንዱስትሪ ጥናት አይሆንም። በርካታ መጻሕፍት ከሕግ፣ ከውልና ከተቀረጹት ድራማዎች ጋር ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ጥናት ሊሆኑ ይችላሉ። ከቴምፕል እስከ ማከርዲ ባሉት መጻሕፍት የሚደጋገመው ነገር የዝነኞች ስም አይደለም፤ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለፈ፣ እንቢ ማለት ይቻል እንደነበረና ሥራው ሲያልቅ ለልጁ ምን እንደተረፈው የሚለው ጥያቄ ነው።

ስቱዲዮው ወደ ቤት ሲገባ

ጉዳዩ የሆሊውድ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ዘመን አልፏል። ዛሬ ስልክ የያዘ ወላጅ ሁሉ ቀራጭም፣ አዘጋጅም፣ ወኪልም መሆን ይችላል። የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በወላጆቻቸው የኢንተርኔት ቪዲዮዎች ውስጥ ለሚታዩ ሕፃናት ከገቢው ድርሻ እንዲቀመጥላቸው የሚያስገድድ ሕግ በጁላይ 2024 በሥራ ላይ አዋለች፤ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያዋም ናት። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕጎች አጽድቃለች። እነዚህ ሕጎች የኩጋንን ጥያቄ ወደ መኖሪያ ቤት አስገቡት። የማከርዲን ጥያቄ ግን ገና አልነኩትም፤ ገንዘቡን ይቆጥራሉ እንጂ ልጁ ዛሬ መቀረጽ አልፈልግም ቢል ማን ይሰማዋል የሚለውን አይመልሱም።

በዚህ ረገድ ጥያቄው ኢትዮጵያንም ይመለከታል። አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች፣ በአገር ውስጥም በውጭም፣ ልጆቻቸውን በድራማ፣ በማስታወቂያና በቪዲዮ ገጾች ያሳያሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይወስናል። እነዚህ ድንጋጌዎች ወላጅ ራሱ አዘጋጅ በሆነበት ቀረጻ ላይ እንዴት ይተረጎማሉ? በማስታወቂያ ላይ የታየ የ7 ዓመት ልጅ ሠራተኛ ነው ወይስ እንግዳ? ክፍያውስ የማን ነው? ጥያቄዎቹ ለሕግ፣ ለጋዜጠኝነትና ለቲያትር ጥበባት ተማሪዎች የተዘጋጀ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ጥናት የሆሊውድ ግለ ታሪኮች የሚጠቅሙት ለንጽጽር ነው። አገሩም፣ ገንዘቡም፣ የኢንዱስትሪው መጠንም ይለያያል፤ ስለዚህ ድምዳሜያቸው ሳይሆን ጥያቄያቸው ነው መወሰድ ያለበት።

እንዴት ይነበብ?

ከላይ ከተባለው ለተመራማሪ የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ከቃሉ በፊት የቃሉን ባለቤት መለየት ነው፤ መጽሐፉን ማን ጻፈው፣ ባለስሙስ በኋላ ጸንቶበታል ወይ? ሁለተኛው፣ ምስክሩ ራሱ የኖረውን ከሰማው መለየት ነው፤ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ምግብና ስለ ሰውነት የሚናገረው የራሱ ዕውቀት ነው፤ ስለ ሌሎች የሚናገረው ግን ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ ሊመሳከር የሚችለውን ማመሳከር ነው፤ ሕጉ፣ ውሉ፣ የፍርድ ቤት መዝገቡና የተቀረጸው ድራማ ከመጽሐፉ ጎን መቅረብ አለባቸው። አራተኛው ደግሞ መዘግየትን እንደ ጉድለት አለመቁጠር ነው። «ያኔ ለምን አልተናገረችም?» የሚለው ጥያቄ ለአዋቂ ምስክር ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለ11 ዓመት ልጅ ግን መልሱ በጥያቄው ውስጥ አለ። ልጅ ነበረች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ለማጽናኛ ይነገራል። ለምርምር ግን ማጽናኛ አይበቃም። እያደር የሚጠራው እውነት በሚጠራበት ጊዜ የሚቀበለው፣ የሚያበጥረውና ከሐሜት የሚለየው ሰው ይፈልጋል። ዛሬ በቤታቸው ውስጥ እየተቀረጹ ያሉ ሕፃናት ከ20 ዓመት በኋላ የየራሳቸውን መጽሐፍ ይጽፉ ይሆናል። ሕግ አውጪው እነዚያን መጻሕፍት መጠበቅ የለበትም፤ የተጻፉት ይበቁታል። ተመራማሪውም የተጻፉትን በንቀት ወደ ጎን ከመግፋትም ሆነ በኀዘኔታ ብቻ ከመቀበል ተቆጥቦ፣ የአንድ ሠራተኛ ቃል በሚመረመርበት ጥንቃቄና አክብሮት ሊያነባቸው ይገባል።